በእንግሊዝ ገጠር በሚገኝ የግል ርስት ላይ የአትክልተኝነት ልምምድ እንዴት ይጀመራል?

በእንግሊዝ ገጠር፣ በግል ርስት ላይ የአትክልተኝነት ሙያ ለመማር የሚፈልግ ሰው ቦታውን የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ በቤቱ ግርማና በግቢው ስፋት ነው። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ዋናው አትክልተኛ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለት ወይም ሦስት ሠራተኛ ብቻ ባለበት ግቢ ትምህርት ቤቱም መምህሩም ፈታኙም ያው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው እየሠራ የሚያስረዳ፣ ሲጠየቅ የማይሰለች ከሆነ አንድ ሄክታር የማይሞላ ግቢም ሙያ ያስጨብጣል፤ ካልሆነ ግን እጅግ በሰፋ ርስት ላይ ዓመቱን ሙሉ ሣር ሲያጭዱና ቅጠል ሲጠርጉ ይከርማሉ።

በመጀመሪያ ስለ መግቢያው በር። መደበኛው መንገድ አፕረንቲስሺፕ የሚባለው ሲሆን፣ ተለማማጁ የሥራ ውል ያለው፣ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ከሥራ ሰዓቱ ውስጥ የተወሰነውን ለትምህርት የሚያውል ሠራተኛ ነው። ትምህርቱ አንዳንድ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ተሰብስቦ ለተከታታይ ቀናት በኮሌጅ ይሰጣል፤ በለንደን አካባቢ ኬፕል ማነር፣ በዮርክ አጠገብ አስካም ብራያን በዚህ ሙያ የታወቁ ኮሌጆች ናቸው። ለትምህርቱ ተለማማጁ ምንም አይከፍልም። ከ16 ዓመት ጀምሮ መግባት ይቻላል፤ የዕድሜ ጣሪያ የለውም። ይህን የምጠቅሰው በአርባ ዓመታቸው ሙያ መቀየር ፈልገው «ጊዜው አልፎብኛል» ብለው የተቀመጡ ብዙ ሰዎች ስላጋጠሙኝ ነው። የስደተኝነት ፈቃድ የተሰጠው ሰውም ማመልከት ይችላል። እንግሊዝኛና ሒሳብ ያስፈራቸው ሰዎች ደግሞ፣ ከፌብሩዋሪ 2025 ወዲህ ሲጀምሩ 19 ዓመት የሞላቸው ተለማማጆች የእነዚህን ትምህርቶች ማረጋገጫ የግድ ማሟላት እንደማይጠበቅባቸውና ጉዳዩ በእነሱና በአሠሪው ስምምነት እንደሚወሰን ይወቁ።

ክፍያውን በግልጽ ማወቅ ያስፈልጋል። በኤፕሪል 2025 የተለማማጅ ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 7.55 ፓውንድ ነበር። ይህ መጠን የሚሠራው ከ19 ዓመት በታች ለሆኑት፣ እንዲሁም ዕድሜያቸው ከዚያ በላይ ሆኖ የመጀመሪያ ዓመታቸው ላይ ላሉት ብቻ ነው። 21 ዓመት የሞላው ሰው የመጀመሪያውን ዓመት እንደጨረሰ የዕድሜው ዝቅተኛ ክፍያ ይገባዋል፤ እሱም በዚያው ኤፕሪል 12.21 ፓውንድ ነበር። መጠኑ በየዓመቱ በኤፕሪል ስለሚሻሻል፣ ውል ከመፈረምዎ በፊት የወቅቱን ቁጥር ከመንግሥት ድረ ገጽ ይመልከቱ። ቤተሰብ የሚያስተዳድርና ሙሉ ቀን መሥራት የማይችል ሰው ደግሞ በሳምንት 14 ሰዓት፣ ለአንድ ዓመት ያህል፣ እየተከፈለው በተመረጡ ግቢዎች ውስጥ የሚማርበት ራግስ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ የሚያካሂደው በ1899 ሴቶችን ወደ እርሻና አትክልት ሥራ ለማስገባት የተመሠረተው ማኅበር ነው።

የግል ርስቶች ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ አያወጡም። ቢያወጡም ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍ ወሬ ቦታው ይያዛል። ስለዚህ የመንግሥትን የአፕረንቲስሺፕ ድረ ገጽ መከታተል ብቻውን አይበቃም። ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት መንገድ ናሽናል ጋርደን ስኪም የሚባለው ነው። ከ1927 ጀምሮ የግል አትክልት ቦታ ያላቸው ሰዎች በዓመት ጥቂት ቀናት በራቸውን ለሕዝብ እየከፈቱ የመግቢያውን ገቢ ለነርሶችና ለጤና በጎ አድራጎት ይሰጣሉ፤ ዛሬ በዝርዝሩ ላይ ከ3,000 በላይ ግቢዎች አሉ። በእነዚህ ቀናት ዋናው አትክልተኛ ብዙ ጊዜ እዚያው ይገኛል፤ ችግኝ የሚሸጥበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ የጎብኚዎችን ጥያቄ ሲመልስ ያገኙታል። በሌላ ቀን አጥሩ የማያስጠጋዎት ግቢ በዚያ ቀን በጥቂት ፓውንድ ይከፈትልዎታል። ሰው ሲበዛ አያስቸግሩት፤ ማለዳ ወይም ሊዘጋ ሲል ይቅረቡ። ስለ አንድ ያስተዋሉት ነገር ይጠይቁ እንጂ ወዲያው ስለ ሥራ አያንሱ። በሳምንቱ ውስጥ አጭር ደብዳቤ ይጻፉለት፤ ያዩትን አንድ ተክል ወይም አሠራር በስሙ ጠቅሰው፣ መማር የሚፈልጉትን ነገር ገልጸው፣ አንድ ቀን ያለ ክፍያ አብረውት ውለው ሥራውን ማየት ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁት። ብዙ የልምምድ ቦታዎች የሚጀምሩት ከኮሌጁ ጋር በሴፕቴምበር ስለሆነ ይህን ሁሉ በእንግሊዝ ጸደይ፣ ከማርች እስከ ሜይ ባለው ጊዜ፣ መጀመር ይሻላል።

ያን አንድ ቀን ካገኙ ዓይንዎን ከአበባው ላይ ያንሱና ወደ ጓዳው ያዙሩት። መሣሪያ ቤቱ ውስጥ አካፋውና መንሹ ታጥበው ተሰቅለዋል ወይስ ጭቃው ደርቆባቸው ጥግ ላይ ተደግፈዋል? ሞረዱ የት እንዳለ ሁሉም ሠራተኛ ያውቃል? ብስባሹ በየደረጃው ተከፍሎ ተከምሯል ወይስ የተቆረጠው ሁሉ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ተጥሏል? ግሪን ሀውሱ ውስጥ በየችግኙ ላይ ስምና የተዘራበት ቀን ተጽፏል? እነዚህ ትናንሽ ነገሮች ዋናው አትክልተኛ ሥርዓት ያለው ሰው መሆኑንና ሥርዓቱንም ለሌሎች ማውረስ መቻሉን ያሳያሉ። ከዚያ አራት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ከእርስዎ በፊት የነበረው ተለማማጅ ዛሬ የት ይሠራል፣ በክረምት ወራት (በእንግሊዝ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ) ተለማማጁ ምን ይሠራል፣ የኮሌጁ ቀን ሥራ ሲበዛ ይነካል ወይ፣ መግረዝ የሚያስተምረኝ ማን ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ከሁሉ ይበልጣል። «ትቶ ሄደ፣ የት እንዳለ አላውቅም» ካሉዎት በጥንቃቄ ያስቡበት፤ ስሙን፣ ቦታውንና የያዘውን ኃላፊነት በደስታ ከነገሩዎት ግን ጥሩ እጅ ላይ ወድቀዋል።

ርስቶች ከከተማ ስለሚርቁ ብዙዎቹ መኖሪያ ይሰጣሉ። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ሰዎች የሚጎዱበትም እዚህ ነው። ቤቱ ከሥራው ጋር የተያያዘ ከሆነ ሥራው ሲያበቃ ቤቱም ያበቃል። ስለዚህ ውልዎ ሲቋረጥ ስንት ቀን ውስጥ መልቀቅ እንዳለብዎት፣ መብራትና ማሞቂያውን ማን እንደሚከፍል፣ እንግዳ ማሳደር ይፈቀድ እንደሆነ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ በቃል የተነገረ ነገር ባለቤቱ ወይም አስተዳዳሪው ሲቀየር ይረሳል። አሠሪው ለመኖሪያው የሚያስከፍለው ገንዘብ ደመወዝዎን ከዝቅተኛው ክፍያ በታች የሚያወርደው ከሆነ፣ ሕጉ የሚፈቅድለት በቀን እስከተወሰነ መጠን ብቻ ነው፤ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ይህ ጣሪያ 10.66 ፓውንድ ነበር። መንጃ ፈቃድም ከወዲሁ ያስቡ፤ አውቶቡስ በማይደርስበት ቦታ ያለ መኪና ኮሌጅ መመላለስ እጅግ ያደክማል።

ከመጀመርዎ በፊት የቴታነስ ክትባትዎ የተሟላ መሆኑን ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ እጅ ሁልጊዜ አፈርና እሾህ ውስጥ ነው። ጫፉ ብረት ያለው ጫማ፣ ውሃ የማያስገባ ልብስና የራስዎ ጥሩ የመግረዣ መቀስ ይበቃዎታል። ሌላውን ግቢው ይሰጣል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራ ማረም፣ መጥረግና ውሃ ማጠጣት ነው። ብዙ ጀማሪዎች ይህን እንደ ቅጣት ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን ከውሃ ማጠጣት የበለጠ ሙያ የሚፈትን ነገር አላውቅም። በመጀመሪያው ጸደዬ ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ሁልጊዜ ማታ ማታ እያጠጣሁ አንድ ሙሉ ትሪ የሰላጣ ችግኝ አበስብሻለሁ፤ ግንዳቸው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖና ጠቁሮ በሁለት ቀን ውስጥ ሁሉም ተኙ። የላይኛው አፈር ደርቆ ስለታየኝ ነበር። ዋናው አትክልተኛ ምንም ሳይቆጣ ሁለት የአበባ ማሰሮ አምጥቶ በሁለቱ እጆቼ ላይ አስቀመጠልኝ፤ አንዱ የጠገበ፣ አንዱ የተጠማ። ከዚያ ወዲህ የማውቀው በዓይን ሳይሆን በክብደት ነው። ለአዲስ ችግኝ የማጠጫው ወንፊት ቀዳዳዎቹ ወደ ላይ እንዲያዩ ተደርጎ ይገጠማል፤ ውሃው እንደ ካፊያ ይወርዳል እንጂ አይደበድብም። ማፍሰስ የሚጀመረው ከትሪው ውጭ ነው፤ ፍሰቱ ሲስተካከል በችግኙ ላይ ያሳልፉትና ከትሪው ማዶ ያበቁታል። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የሚንጠባጠበው ከባድ ጠብታ ዘሩን እንዳያፈናቅል ነው። የሚጠጣውም በማለዳ ይሁን፤ ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ሲያድር በሽታ ይጋብዛል።

ማረምም እንዲሁ ነው። አረሙን ከመንቀልዎ በፊት ስሙን ይጠይቁ፤ በዘር የሚራባውን አበባ ሳያወጣ መቁረጥ ሲበቃ፣ በሥር የሚራባው ግን አንዲት ቁራጭ ብትቀር ተመልሶ ይበቅላል። በየሳምንቱ አሥር ተክል መርጠው ሙሉ የላቲን ስማቸውን ይያዙ፤ የተለመዱት ስሞች ከአካባቢ አካባቢ ስለሚለያዩ በባለሙያዎች መካከል መግባቢያው ላቲኑ ነው። ከስሙ ጋር መርዛማ መሆን አለመሆኑንም ይመዝግቡ። ዩው የተባለው ዛፍ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በኦገስት መጨረሻና በሴፕቴምበር ከእሱ የተተከለው አጥር ሲከረከም የሚወድቀው ቅጠል ለፈረስና ለከብት ገዳይ ነው፤ ከተቆረጠና ከደረቀ በኋላም መርዝነቱ አይለቀውም። በርስት ላይ ከአጥሩ ማዶ ብዙ ጊዜ የግጦሽ መስክ አለ። ክርክሙን በሸራ ላይ ሰብስበው፣ በካሪዮላ ጭነው፣ የወደቀ ነገር እንዳልቀረ አጥሩን ተከትለው እስኪያዩ ድረስ ያ ሥራ አላለቀም።

መግረዝ በየወቅቱ የሚማሩት ስለሆነ አንድ ጊዜ ያመለጠ ነገር ዓመት ያስጠብቃል። ጽጌረዳ በክረምቱ መጨረሻ ይገረዛል። ዊስቴሪያ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጁላይ ወይም በኦገስት፣ ከዚያም በጃንዋሪ ወይም በፌብሩዋሪ ይቆረጣል። ፕለም በክረምት ከተገረዘ በቁስሉ በኩል ሲልቨር ሊፍ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ሊገባበት ስለሚችል በበጋ (በእንግሊዝ ከጁን እስከ ኦገስት) ይሠራል። ቦክስ የሚባለው ዝቅተኛ አጥር በእርጥብ ቀን አይነካም፤ ቅጠሉን የሚያደርቀው ፈንገስ በውሃና በመቀስ ከቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ ይተላለፋልና። በየተራው ከዋናው አትክልተኛ ጎን ቆመው የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ እሱ እንዲቆርጥ፣ ሁለተኛውን እርስዎ እንዲቆርጡ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ከመቁረጥዎ በፊት ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደሆነ እንዲያስረዱ ይጠይቁት። በዚያው ማታ በማስታወሻ ደብተርዎ ላይ ቀኑን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ የተሠራውንና ምክንያቱን ይጻፉ። ምክንያት የሌለው ማስታወሻ በሁለተኛው ዓመት አይጠቅምም።

ስለ ቤተሰቡም አንድ ነገር መባል አለበት። የሚሠሩት በሰዎች መኖሪያ ነው። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደሄደ፣ በመስኮቱ ምን እንደታየ ከግቢው አይውጣ፤ ፎቶግራፍ ለኮሌጅ ሥራ ቢያስፈልግዎትም አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ፤ ቤቱ የሚታይበትን ምስል በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አይለጥፉ። ባለቤቶቹ በአጠገብዎ ሲያልፉ የሚጮህ ማሽን ካለ ያጥፉ፤ ሰላምታ ይስጡ፤ ስለ ተክሉ ከጠየቁዎት የሚያውቁትን ይመልሱ፣ የማያውቁትን ዋናውን አትክልተኛ ጠይቀው እንደሚነግሯቸው ይግለጹ። ባለቤቱ በቀጥታ አዲስ ሥራ ቢያዝዎት በትሕትና ተቀብለው ወዲያው ለዋናው አትክልተኛ ያሳውቁ። ይህን የዘለለ ተለማማጅ የሚያምነውን ሰው በማጣት ይከፍላል፤ እምነቱን ያጣ አትክልተኛም ማስተማሩን ያቆማል።

በአንድ ርስት ላይ ሙያው ሁሉ አይገኝም። በድሮው ጊዜ ወጣት አትክልተኞች ቦቲ በሚባለው የሠራተኞች ማደሪያ እየኖሩ ከርስት ወደ ርስት እየተዘዋወሩ ይማሩ ነበር። በልጅነቱ የአትክልት ቦታ ሠራተኛ ሆኖ የጀመረው ጆሴፍ ፓክስተን በ1826፣ በ22 ዓመቱ፣ የቻትስወርዝ ርስት ዋና አትክልተኛ የሆነው በሌሎች ግቢዎችና በለንደን አቅራቢያ በቺዝዊክ በነበረው የአትክልት ማኅበር ቦታ ከሠራ በኋላ ነው፤ በቻትስወርዝ በግሪን ሀውስ ሥራ ያዳበረው ጥበብም በ1851 በለንደን የተከፈተውን ክሪስታል ፓላስ የሚባለውን ግዙፍ የመስታወት ሕንፃ ለመንደፍ አብቅቶታል። ልምምድዎ ሊያበቃ ሦስትና አራት ወር ሲቀረው ዋናውን አትክልተኛ ግቢውን አብሮዎት እንዲዞር ይጠይቁ። በእጅዎ የሠሩትንና ገና ያልነኩትን በሁለት ዓምድ ይጻፉ፦ በግድግዳ የታጠረ የጓሮ አትክልት፣ የሚሞቅ ግሪን ሀውስ፣ በግድግዳ ላይ የተዘረጋ የፍራፍሬ ዛፍ፣ የመርዝ መርጫ ፈቃድ። ሁለተኛውን ዓምድ ያሳዩትና ያንን በደንብ የሚያስተምር የትኛው አትክልተኛ እንደሆነ ይጠይቁት። ለሰውየው ስልክ እንዲደውልልዎትም ይለምኑት።