የፊት ፓራውልት ሲመረጥ የሚሠሩ ስህተቶች፦ ጭቃ ያልጎዳውን ሰው ብረት እንዳይጎዳው

ሐምሌ ነበር። ከጅማ ወደ ዴዶ ከሚወስደው መንገድ ተገንጥለን ስንሄድ፣ የቡና ችግኝ የጫነችው ፒክአፓችን ቀዩ ጭቃ ውስጥ ገብታ ቀረች። በእኛ አካባቢ ጭቃ የያዘው መኪና ብቻውን አይቀርም፤ ከየቤቱ አካፋ ይዞ የሚወጣ አለ፣ ሕፃናትም ለማየት ይሰበሰባሉ። አንድ አይሱዙ ደረሰልንና ወፍራም የናይለን ገመድ ፓራውልታችን ላይ ካለው መጎተቻ ጆሮ ጋር አሰርን። አይሱዙው ከመታጠፊያው ላይ ሆኖ በሰያፍ ነበር የሚስበን። በሁለተኛው ንጭት ጆሮው ተገነጠለ፤ ገመዱ እንደ ጅራፍ ሲመለስ ጫፉ ላይ ያለውን ብረት ያየው ሰው አልነበረም። ያገኘነው መንገድ ዳር ካለ የእንሰት ግንድ ውስጥ ተሰክቶ፣ ውኃው በዙሪያው ሲወርድ ነው። ከዚያ ግንድ ሦስት እርምጃ ርቆ አንድ ልጅ ቆሞ ነበር።

ብረቱን ከግንዱ አውጥቼ ገለበጥኩት። ብየዳው ከላይ ሲታይ ያበጠና የተስተካከለ ነበር። ከሥሩ ግን ከአራቱ ጎን ሦስቱ ፈጽሞ አልያዙም፤ የቀለጠው ብረት ላሜራው ላይ ተንጠባጥቦ ደርቋል እንጂ ውስጥ አልገባም። በሁለቱ መካከል የቀድሞው ቀለም እንኳ አልተነሳም፤ በጥፍሬ ስፍቀው ቀለሙ እየተላጠ ወጣ። ያ ፓራውልት ከተገጠመ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ያየው ሁሉ ያደንቀው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ፓራውልት ሳይ ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ነው የማየው። ከዚህ በታች ያሉት በራሴም በሌሎችም ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች ናቸው።

ከፊት አይቶ መግዛት

ፓራውልት ሻጭ ዘንድ የሚታየው ቀለሙ፣ ቱቦው፣ መብራቱና ከፊት ብቅ ያሉት ሁለት ቀይ ጆሮዎች ናቸው። ሊጠየቅ የሚገባው ግን አንድ ነገር ነው፦ ገመዱ ሲወጠር ያ ኃይል በየት አልፎ የት ይደርሳል? ከገመዱ ወደ ሻክሉ፣ ከሻክሉ ወደ ጆሮው፣ ከጆሮው ወደ ቡሎኑ፣ ከቡሎኑ ወደ ሻንሲው መሄድ አለበት። ሻክል የምለው በቡሎን የሚዘጋውን፣ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለውን ማያያዣ ነው። በዚህ መንገድ መካከል 3 ሚሊ ሜትር የሆነ የፓራውልት ላሜራ ከገባ የሚስበው ሻንሲውን ሳይሆን ላሜራውን ነው፤ ላሜራ ደግሞ ይቀደዳል።

የጅማ በርጩማ ለምን ዕድሜ እንዳለው ጅማ ያደገ ሰው ያውቃል። ከአንድ ግንድ ስለሚፈለፈል እግሩና መቀመጫው አንድ አካል ነው፤ የሚላቀቅ ምስማር የለበትም። ጥሩ መጎተቻ ጆሮም እንዲሁ ነው። ከፊት የሚታየው ጆሮ የወፍራም ብረት ሰሌዳ ጫፍ ይሆንና ያው ሰሌዳ ሳይቋረጥ ፓራውልቱን ሰንጥቆ ወደ ኋላ አልፎ በቡሎን ከሻንሲው ጋር ይታሰራል። ፓራውልቱ ቢወልቅ እንኳ ጆሮው ከሻንሲው ጋር ይቀራል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ተንበርክካችሁ በእጅ ባትሪ ከኋላ እዩ። ሰሌዳው ላሜራው ላይ ካለቀ፣ ያ ጆሮ ለጌጥ የተቀመጠ ነው።

ሁለተኛው ምልክት ስቱኮ ነው። በብየዳ መስመር ላይ ስቱኮ ተቀብቶ ከተሞረደና ከተቀባ፣ ከሥሩ ያለውን የሚያውቅ የለም። የሚተማመን በያጅ ብየዳውን አይሸፍንም። እኔ አሁን ቀለም ከመቀባቱ በፊት እንዲያሳዩኝ እጠይቃለሁ።

የፋብሪካውን ማሰሪያ መጎተቻ አድርጎ መውሰድ

ብዙ መኪኖች ከፊት በታች ትንሽ ቀለበት ይዘው ይመጣሉ። አንዳንዱ ቀለበት መኪናው በመርከብ ሲጓዝ ወለሉ ላይ እንዳይንቀሳቀስ የሚታሰርበት ነው፤ ጅቡቲ ወደብ ከደረሰ በኋላ ሥራው አብቅቷል። በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይ በሽክርክሪት የሚገባው ቀለበትም የተሠራው የቆመ መኪናን በደረቅና ለስላሳ መንገድ ቀስ ብሎ ለመጎተት ነው። ጭቃ ውስጥ የሰመጠን መኪና ለመንጨቅ አንዳቸውም አልተሠሩም። እውነተኛ መጎተቻ ይዘው የሚመጡ መኪኖች አሉ፤ የትኛው እንደሆነ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይናገራል። ፓራውልት ስትቀይሩ ደግሞ በያጁ የፋብሪካውን መጎተቻ ፈትቶ በምን እንደተካው ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ በምንም አይተካም።

ከኋላ ያለው የተጎታች ኳስም ከዚሁ ወገን ነው። ገመድ በኳስ ላይ ጠምጥሞ የመንጨቅ ልማድ በሌሎች አገሮች ሰው ገድሏል፤ ኳሱ ከአንገቱ ሲሰበር እንደ ጥይት ነው የሚሄደው።

ኃይሉን አሳንሶ መገመት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኛው ስህተት የሚመነጨው ከዚህ ነው። «መኪናዬ 3 ቶን ናትና 3 ቶን የሚችል ይበቃኛል» የሚል ሰው ብዙ ነው። ወታደሮች መኪና ሲያወጡ የሚጠቀሙበት የቆየ ስሌት እንዲህ ይላል፦ ጭቃው እስከ ጎማው መሐል ከሆነ የሚያስፈልገው የመሳቢያ ኃይል ከመኪናው ክብደት ጋር እኩል ነው፤ እስከ ፓራፋንጎ ከደረሰ እጥፍ፣ ከዚያም ወጥቶ አካሉን ከያዘ ሦስት እጥፍ። ስለዚህ 3 ቶን የምትመዝን የተጫነች ፒክአፕ እስከ ፓራፋንጎ ስትሰምጥ 6 ቶን ትጠይቃለች። ይህ በዝግታ ሲጎተት ነው። በማይለጠጥ ሰንሰለት ሲነጨቅ ከዚህም በላይ ይሄዳል፤ ሰንሰለት አይለጠጥምና ድንገተኛውን ኃይል በሙሉ ለጆሮው ያስረክባል።

በዚህ ስሌት ሻክሉን እንየው። በታወቁ አምራቾች የሚሠራ የሦስት ሩብ ኢንች ሻክል አካሉ ላይ የሥራ ጭነቱ፣ ማለትም ያለ አደጋ የሚሸከመው ልክ፣ 4.75 ቶን እንደሆነ ተቀርጾበታል። ምንም ያልተጻፈበት ሻክል ምን ያህል እንደሚችል ሻጩም አያውቅም፤ አትግዙት።

ለዚህ ነው ፓራውልቱ ሁለት መጎተቻ ጆሮ ይኑረው የምለው፤ በግራና በቀኝ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው የሻንሲ ክንድ ላይ። ሁለቱን በአንድ ማከፋፈያ ገመድ አገናኝታችሁ ከመሐሉ ስትስቡ ጭነቱ ይከፈላል። ማከፋፈያው ግን ረዘም ማለት አለበት። በሁለቱ ክንዶቹ መካከል ያለው ማዕዘን 60 ዲግሪ ቢሆን፣ ከ6 ቶኑ እያንዳንዱ ጆሮ የሚሸከመው ወደ 3.5 ቶን ነው። ገመዱ አጥሮ ማዕዘኑ 120 ዲግሪ ሲደርስ ግን እያንዳንዱ ጆሮ ሙሉውን 6 ቶን ይሸከማል። ያ 4.75 ቶን የተጻፈበት ሻክል በመጀመሪያው አሳሰር ያርፋል፤ በሁለተኛው ከልኩ ያልፋል። መኪናው ያው፣ ጭቃው ያው፣ የተለየው የገመዱ ርዝመት ብቻ ነው።

በሰያፍ መሳብም እንዲሁ ያዳክማል። ሻክል ቀጥ ብሎ ሲሳብ የሚችለውን፣ ወደ ጎን በ45 ዲግሪ ሲሳብ 70 በመቶውን ብቻ ይችላል፤ በ90 ዲግሪ ግማሹን። ጆሮው ራሱም ወደ ጎን ሲታጠፍ መሰንጠቅ የሚጀምረው ከብየዳው ነው። ፓራውልት ስትመርጡ ጆሮው ከጎኑ ደጋፊ ብረት ያለው መሆኑን ተመልከቱ።

ደግሞም ከሁሉ የሚቀድመው አካፋ ነው። ከጎማው ፊት ያለውን ጭቃ ግማሽ ሰዓት ብትቆፍሩ የሚያስፈልገው ኃይል በብዙ ይቀንሳል። የዴዶ ሰዎች ይህን ከእኔ በፊት ያውቁ ነበር፤ የቸኮልነው እኛ ነን።

ለቡሎኑ አለመጨነቅ

ለፓራውልቱ ብዙ ገንዘብ ያወጣ ሰው ቡሎኑን ከተገኘበት ሱቅ ያስመጣል። የቡሎን ጥንካሬ ራሱ ላይ በቁጥር ይጻፋል፦ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ፈልጉ። ባዶ ራስ ያለው ቡሎን ለአጥር በር እንጂ ለመጎተቻ አይሆንም። አይዝግም ተብሎ የሚወደደው ነጭ ቡሎንም በአብዛኛው ከ8.8 ያነሰ ጥንካሬ ነው ያለው።

ቀዳዳው አልገጥም ሲል በእሳት ማስፋትም የተለመደ ነው። ቀዳዳው ሲሰፋ ቡሎኑ ይጫወታል፤ በየንጭቱ እየተመታ ዳዶው ይላላል። ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ይበሳ፣ በወፍራም ሮንዴላም ይታሰር። ከተገጠመ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት የኮረኮንች ጉዞ ላይ ሁሉንም ዳዶ እንደገና አጥብቁ።

ለበያጁ ሥራውን አለመንገር

የተገነጠለውን ጆሮ ይዤ ወደ ሠራው ወጣት ሄድኩ። ተቆጥቼ ነበር። ብረቱን ተቀብሎ ብየዳውን አገላብጦ አየና ዝም አለ። ከዚያ «ጋሼ፣ ይጎተትበታል አላሉኝም ነበር እኮ» አለኝ፤ ፊቱ ተለውጦ ነበር። እውነቱን ነው። እኔ ያልኩት «እንደዚያኛው መኪና አሳምርልኝ» ነው። ጆሮውን የመኪናውን መልክ ለማሟላት በቀጭን ኤሌክትሮድ ለጥፎት ነበር።

ጅማ ውስጥ ጥሩ እጅ ያላቸው በያጆች አሉ፤ ነገር ግን የሚሠሩት ለምን እንደሆነ ይነገራቸው። ይህ 6 ቶን ይስባል በሏቸው። ሰሌዳው ምን ያህል ውፍረት እንዳለው፣ ከሻንሲው ጋር በስንት ቡሎን እንደሚታሰር አብራችሁ ሳሉ። የተሞከረና ልኩ የተጻፈበት ፓራውልት ለመኪናችሁ ሞዴል ከተገኘ ግን እሱን አስቀድሙ፤ በዓይን ብቻ የተሠራውን ብየዳ ልክ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም።

ሻንሲው ላይ በቀጥታ አያስበይዱ። ሙቀቱ የሻንሲውን ብረት ባሕርይ ይለውጣል፤ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከብየዳው ጠርዝ ነው። በመኪናው ላይ የትም ቦታ ብየዳ ሲኖር ደግሞ የባትሪው ገመድ አስቀድሞ ይፈታ፤ አለዚያ የመኪናው ኮምፒውተር ሊቃጠል ይችላል።

ክብደቱን መርሳት

ወፍራም ፓራውልት ከነዊንቹ፣ ማለትም ገመድ በከበሮ ላይ እየጠቀለለ ከሚስበው ማሽን ጋር፣ በቀላሉ 100 ኪሎ ያልፋል፤ ያውም ከፊት ጎማ ፊት ተንጠልጥሎ። የፊት ሞላው ይቀመጣል፣ መብራቱ ወደ መሬት ያያል፣ መሪው ይከብዳል። ዊንች ካላስፈለጋችሁ ዊንች የሌለውን ምረጡ። ካስፈለገ ደግሞ አቅሙ ከተጫነው መኪና ክብደት አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን፤ ለ3 ቶን መኪና 4.5 ቶን ማለት ነው። ያ አቅም የተለካው ገመዱ ተፈትቶ ከበሮው ላይ የታችኛው ድርብ ብቻ ሲቀር እንደሆነ አስታውሱ። የራዲያተሩን አየር የሚዘጋ ፓራውልት ደግሞ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ የጊቤ ሸለቆ ዳገት ላይ ይታወቃችኋል።

ከፊት የሚሄደውን ሰው መርሳት

ይህን ስጽፍ በጅማው የሂርማታ ገበያ ቀን ያለው መንገድ ይታየኛል፦ ባጃጅ፣ አህያ፣ ሸክም ያዘሉ እናቶች፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች። ወደ ፊት የወጣ የቱቦ ጫፍና የሾለ ማዕዘን በዝግታ የሚሄድ መኪና እንኳ ሰው እንዲሰብር ያደርገዋል። ማዕዘኑ የተጠጋጋ፣ ከመኪናው ወርድ የማይወጣ፣ ከአካሉ ጋር የተጠጋ ይሁን። ሻክሎቹንም ከተማ ስትገቡ ፍቱና መኪናው ውስጥ አስቀምጡ፤ ተንጠልጥለው የሚዞሩት ለማንም አይጠቅሙም።

ኤርባግ ባለው መኪና ላይ ከሆነ ፓራውልቱ ለዚያ ሞዴል የተሠራ መሆን አለበት። በግጭት ጊዜ እንዲጨማደድ የተሠራውን ክፍል ቆርጦ ድፍን ብረት መተካት፣ ኤርባጉ የሚፈነዳበትን ጊዜ ሊያዛባ ይችላል። ታርጋው፣ የፊት መብራቱና ፍሬቻው እንዳይሸፈኑም እዩ።

የጆሮውን ቀዳዳ አለመዳሰስ

ጣታችሁን ቀዳዳው ውስጥ አስገብታችሁ ዙሩበት። ጠርዙ ጣት ከቧጨረ ገመድም ይቆርጣል። የጨርቅ ገመድ በሾለ ጠርዝ ላይ በቀጥታ አይታሰርም፤ በብረት ሻክል በኩል ይሁን። የሻክሉ ቡሎን በቀዳዳው ውስጥ ልክ ይግባ፤ እስከ መጨረሻው ከጠበቀ በኋላ ሩብ ዙር ይመለስ፣ አለዚያ ከተሳበ በኋላ በእጅ አይፈታም። ሁለት ገመዶችን ደግሞ በሻክል አትቀጥሉ፤ አንዱ ሲበጠስ ሻክሉ እንደ ጥይት ይወረወራል።

ያን ፓራውልት አወለቅነው። ያው ወጣት አዲስ ሠራልኝ፤ በዚህኛው ጆሮዎቹ ከሻንሲው የሚነሱ የሰሌዳ ጫፎች ናቸው። መኪናው ውስጥ አሁን ሁለት ባዶ የቡና ጆንያ አይታጣም። ገመድ ከመወጠሩ በፊት አፈር እሞላባቸውና ገመዱ ላይ አንዱን ከመሐል፣ አንዱን ወደ ጆሮው ተጠግቶ አጋድማቸዋለሁ፤ ቢበጠስ እንዳይነሳ ይከብዱታል። ከዚያ የገመዱን ርዝመት አንድ ጊዜ ተኩል በእርምጃ እለካለሁ፤ ለ9 ሜትር ገመድ ወደ 14 ሜትር ይመጣል። ሊረዱን የወጡት ሁሉ፣ ሕፃናቱ በቅድሚያ፣ ከዚያ መስመር ወዲያ እስኪቆሙ ድረስ ሞተር አይነሳም።