ከትንሽ ከተማ ለመመላለስ ካሰብክ

ትንሽ ከተማ እየኖርኩ ትልቁ ከተማ ለሥራ ስመላለስ ስድስት ዓመቴ ነው። «ምን ነካህ?» ይሉኛል። ኪራዩ ይቀላል፣ ልጆቼ ደጅ ይጫወታሉ፣ ደሞዙ ግን ያለው እዚያ ነው። በቃ።

አንተም ካማረህ መጀመሪያ ሂሳቡን ሥራ። መሄጃው 1 ሰዓት ተኩል፣ መመለሻውም እንዲሁ ከሆነ በ5 ቀን 15 ሰዓት ነው። በ48 ሳምንት 720 ሰዓት፣ ማለትም 30 ሙሉ ቀንና ሌሊት መንገድ ላይ ነህ። ከኪራይ የተረፈህን ትራንስፖርት ከበላው ተወው።

ቤት ሳትከራይ አንድ ሳምንት ሞክረው። ሰኞ ጠዋትን እንዳትዘል! እኔ እሁድ ሞክሬ ነው የተሸወድኩት። የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሳም እወቅ። አንዴ አምልጦኝ ቢሮ ወንበር ላይ አደርኩ፤ አንገቴ ሦስት ቀን አልዞር አለኝ።