ሐሳብ ስንፈታ፦ በፍልስፍናዊ ትንተና ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በግሪክኛ «አናሉሲስ» ማለት መፍታት ነው፤ ቋጠሮ እንደሚፈታው። የእኛም ቋንቋ ከዚህ ሩቅ አይደለም። እንቆቅልሽ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ የቃል ትርጉምም «ፍቺ» ይባላል። የፍልስፍና ትንተናም ሥራው ይኸው ነው፦ በየቀኑ የምንጠቀምበትን ሐሳብ ፈትቶ ከምን ከምን እንደተሠራ ማየት። ስንፈታ ግን ደጋግመን የምንሳሳትባቸው ቦታዎች አሉ።

መጀመሪያ፣ መዝገበ ቃላት ገልጦ እዚያው ማቆም። መዝገበ ቃላት ሰዎች ቃሉን ለምን እንደሚጠቀሙበት ይነግረናል። ትንተና ግን አንድ ነገር በዚያ ስም ለመጠራት ምን ምን ማሟላት አለበት ብሎ ይጠይቃል።

ዞሮ እዚያው መግባትም አለ። «ፍትሕ ምንድን ነው?» ሲባል «ፍትሐዊ ሆኖ መፍረድ» እንደማለት። ይህን ለመያዝ አይከብድም። የሚፈታው ቃል ራሱ መልሱ ውስጥ ተደብቆ እንደሆነ ማየት ይበቃል።

ለእኔ ከሁሉም የከፋው የሚደግፈንን ምሳሌ ብቻ መፈለግ ነው። «ውሸት ማለት እውነት ያልሆነ ነገር መናገር ነው» እንበል። ደጋፊ ምሳሌ ሞልቷል። አሁን የሚያፈርሰውን እንፈልግ። ቀኑ ተምታቶበት «ዛሬ ማክሰኞ ነው» ያለ ሰው ተሳሳተ እንጂ አልዋሸም። ስለዚህ «ለማታለል ብሎ» የሚል እንጨምር። አሁንስ? አንድ የታክሲ ረዳት ሰው ቶሎ እንዲገባለት «የመጨረሻው ታክሲ ነው!» ብሎ ይጮሃል። ከኋላ ሌላ እንደሚመጣ ያምናል። ያኛው ታክሲ ግን መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀረ። ረዳቱ የተናገረው እውነት ሆኖ አረፈው። ዋሽቷል? እኔ ዋሽቷል እላለሁ። እንዲያ ከሆነ ውሸትን ውሸት የሚያደርገው የነገሩ ሐሰት መሆን ሳይሆን፣ ሰውየው ሐሰት መስሎት ለማታለል መናገሩ ነው። በሁለት ምሳሌ ብቻ ከተነሣንበት ፍቺ ምን ያህል እንደራቅን ልብ በሉ።

የዓረፍተ ነገሩን መልክ ማመንም ያሳስታል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል እ.ኤ.አ. በ1905 «የአሁኑ የፈረንሳይ ንጉሥ መላጣ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አንሥቶ ነበር። ፈረንሳይ ንጉሥ የላትም። መላጦችን ሁሉ ብንቆጥር አናገኘውም፤ ጸጉር ካላቸውም መካከል የለም። ራስል ሲፈታው አንዱ ዓረፍተ ነገር ሦስት ሆነ፦ የፈረንሳይ ንጉሥ የሆነ ሰው አለ፤ ከአንድ አይበልጥም፤ እሱም መላጣ ነው። የመጀመሪያው ሐሰት ስለሆነ ጠቅላላው ሐሰት ነው። ስለ አንድ ሰው የሚያወራ የመሰለን ዓረፍተ ነገር ስለማንም አያወራም ነበር።

በመጨረሻም፣ ፍቺው ሲፈርስ ድካሙ ከንቱ ቀረ ማለት። ዕውቀት በቂ ምክንያት ያለው እውነተኛ እምነት ነው የሚለው ሐሳብ ሥሩ ፕላቶ ዘንድ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካዊው ፈላስፋ ኤድመንድ ጌቲየር በሦስት ገጽ ጽሑፍ አናጋው። ነገሩን ለመረዳት ራስል እ.ኤ.አ. በ1948 ያነሣው የቆመ ሰዓት ይበቃናል። ሰዓቱ መቆሙን ሳናውቅ አይተነው «አራት ሰዓት ነው» አልን። እንዳጋጣሚ ልክ አራት ሰዓት ነበር። አምነናል፣ ምክንያት አለን፣ ነገሩም እውነት ነው። ግን አውቀናል ለማለት አፋችን እሺ አይለንም። እስከ ዛሬ ሁሉም የተስማማበት ፍቺ አልተገኘም። ሆኖም ከጌቲየር ወዲህ ስለ ዕውቀት የሚጽፍ ሰው «በዕድል ቢሆንስ?» የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ ማለፍ አይችልም።