ኤክሴል የሥራ ቀናትን ሲያዛባ፦ ችግርና መፍትሄ ለድሬዳዋ የፕሮጀክት ባለሙያዎች

ወርክዴይ የተባለው የኤክሴል ፎርሙላ የመነሻ ቀንና የሥራ ቀናት ብዛት ሲሰጡት ቅዳሜና እሑድን እየዘለለ ማብቂያውን ያወጣል። ውጤቱ የሚዛባው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሳምንታችን፣ ስለ በዓላቶቻችንና ስለ ዘመን አቆጣጠራችን ሳንነግረው ስንቀር ነው። ለምሳሌ ከዚራ ያለ የአንድ ሱቅ ዕድሳት እንውሰድ፦ መነሻው ቢ2፣ የቀናቱ ብዛት ሲ2፣ ማብቂያው ዲ2 ላይ ነው። የፎርሙላዎቹን ስም እዚህ በፊደላችን ጻፍኩት እንጂ ኤክሴል ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚገባው።

በቀን ፋንታ 46038 የሚል ቁጥር ይመጣል

ኤክሴል ቀንን የሚይዘው ከጃንዋሪ 1, 1900 ጀምሮ በሚቆጠር ቁጥር ነው። የሴሉን ፎርማት ወደ ዴት ይቀይሩ፤ ሌላ ችግር የለውም።

#ቫልዩ! ይላል፣ ወይም ጭራሽ የማይሆን ቀን ያወጣል

በኢትዮጵያ አቆጣጠር የገባ ቀን ካለ መጀመሪያ እሱን ይጠርጥሩ፤ ኤክሴል ቀን የሚያሰላው በጎርጎርዮሳዊው ነው። ታኅሣሥ 27 ቀን 2018 ሰኞ ነው። ቀንን ከወር አስቀድሞ በሚያነብ ኮምፒዩተር 27/4/2018 ብለው ሲያስገቡት ግን ኤፕሪል 27, 2018 ያደርገዋል፤ ያ ቀን ዓርብ ነበር። ስለዚህ ሠራተኛው ሥራ ላይ ያለበትን ማክሰኞና ረቡዕ ቅዳሜና እሑድ ናቸው ብሎ ይዘላቸዋል። ጥቅምት 30ን 30/2/2018 ቢሉት ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ጽሑፍ ይይዘዋል። ወደ ሴሉ ግራ ጠርዝ የተጠጋ ቀን ካዩ ጽሑፍ ሆኗል ማለት ነው፤ #ቫልዩ! የሚመጣውም ከዚያ ነው።

መፍትሄው ቀኑን ጂ2፣ ወሩን ኤች2፣ ዓመቱን አይ2 ላይ ለየብቻ አስገብቶ ቢ2 ላይ ይህን መጻፍ ነው፦

=365*(አይ2-1)+ኢንት(አይ2/4)+30*(ኤች2-1)+ጂ2-690799

27፣ 4 እና 2018 ሲያስገቡ 46027 ይወጣል፤ ፎርማቱን ዴት ሲያደርጉት ጃንዋሪ 5, 2026 ይሆናል። ጳጉሜንን 13ኛ ወር ብለው ቢያስገቡም በትክክል ይሠራል፣ ስድስት ቀን በምትሆንበት ዓመት ጭምር። መርሐ ግብሩን በኢትዮጵያ ቀን ለሚያወጣ ሰው ከሌሎቹ ሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ይህንን ነው።

ማብቂያው በአንድ ቀን ይዘገያል

ወርክዴይ የመነሻውን ቀን አይቆጥርም፤ ቆጠራው ከማግስቱ ይጀምራል። ሰኞ ጠዋት የተጀመረ የ5 ቀን ሥራ ዓርብ ማለቅ ሲገባው የሚቀጥለውን ሰኞ የሚያሳየው ለዚህ ነው። መነሻው ላይ አንድ ቀን ይቀንሱ፦ =ወርክዴይ(ቢ2-1,ሲ2)። የቀጣዩ ሥራ መነሻ ደግሞ =ወርክዴይ(ዲ2,1) ነው፤ እዚህ ላይ አይቀነስም። በሁለት ቀናት መካከል ስንት የሥራ ቀን እንዳለ የሚቆጥረው ኔትወርክዴይስ ግን መነሻውንም ማብቂያውንም ይቆጥራል፤ ሁለቱን አንድ ሠንጠረዥ ላይ የሚጠቀም ሰው ይህን ልዩነት ልብ ይበል።

በዓሉም ቅዳሜውም አልተያዘም

ከጃንዋሪ 5, 2026 የሚጀምር የ10 ቀን ሥራ ጃንዋሪ 16 ያልቃል ይላል። መሐል ላይ ገና አለ፣ ጃንዋሪ 19 ደግሞ ጥምቀት ነው፤ ሁለቱ ሲገቡ ማብቂያው ጃንዋሪ 20 ይሆናል። በዓላቱን ሌላ ሺት ላይ በአንድ ኮለም ይዘርዝሩ፤ ቀናቱን በሙሉ መርጠው ከፎርሙላው መስመር በስተግራ ባለው ሳጥን «በዓላት» የሚል ስም ይስጧቸው፤ ከዚያ ስሙን ፎርሙላው መጨረሻ ላይ ያስገቡ፦ =ወርክዴይ(ቢ2-1,ሲ2,በዓላት)። ስም ካልሰጡ ፎርሙላውን ወደ ታች ሲጎትቱት ዝርዝሩም አብሮ ይንሸራተትና ከላይ ያሉት በዓላት አንድ በአንድ ይቀራሉ።

ዝርዝሩን በየዓመቱ ይፈትሹ። ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ በጨረቃ ስለሚወሰኑ ግምታዊውን ቀን ያስገቡና ሲረጋገጥ ያርሙ። ገና ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ በ2020 እንዲያ ይሆናል። ትንሣኤ ምንጊዜም እሑድ ስለሆነ ባይገባም ግድ የለም፤ ስቅለት ግን ዓርብ ነው። ታኅሣሥ 19፣ የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ፣ የሕዝብ በዓል ባይሆንም መንገዱ በምእመናን ሲሞላ የጭነት መኪናም ሠራተኛም ማግኘት ስለሚከብድ እኔ ከዝርዝሩ አልነጥለውም።

ግንበኛውና አናጺው ቅዳሜም የሚሠሩ ከሆነ ወርክዴይ አይበቃም። ከኤክሴል 2010 ጀምሮ ያለውን ይጠቀሙ፦

=ወርክዴይ.ኢንትል(ቢ2-1,ሲ2,11,በዓላት)

11 ማለት ዕረፍቱ እሑድ ብቻ ነው ማለት ነው። ያው የ10 ቀን ሥራ በዓላቱም ተይዘው ጃንዋሪ 16 ላይ ያልቃል።

ግማሽ ቀን አይቆጠርም

2.5 ቢያስገቡ ነጥቡን ቆርጦ 2 ያደርገዋል። ቅዳሜን እስከ ቀትር ብቻ ለሚሠራ ቡድን ቅዳሜን ዕረፍት አድርጎ ማቀድና ያንን ግማሽ ቀን ለመጠባበቂያ መተው ይሻላል።

የጅቡቲው ወረቀት በተባለው ቀን አይደርስም

ዕቃው በጅቡቲ በኩል የሚገባ ከሆነ አንዱ ረድፍ የእነሱን ሳምንት መከተል አለበት። እዚያ የመንግሥት ቢሮዎች የሚያርፉት ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ እሑድ ይሠራሉ። በ11 ፋንታ 7 ያስገቡ፦

=ወርክዴይ.ኢንትል(ቢ3-1,ሲ3,7,የጅቡቲ_በዓላት)

የበዓል ዝርዝሩም ለብቻው ይሁን። የጅቡቲ የነፃነት ቀን ጁን 27 ነው፤ የእኛን ዝርዝር ብቻ የያዘ ሠንጠረዥ ያን ቀን እንደ ሥራ ቀን ይቆጥረዋል።