«የት ነው የምትኖረው?» ሲሏችሁ ጀርመንኛው የሚበላሽበት ምክንያትና መፍትሄው

የኤዋን (A1፣ የመጀመሪያው ደረጃ የጀርመንኛ ፈተና) ስፒኪንግ የሚጀምረው ራስን በማስተዋወቅ ነው፣ ስም፣ ዕድሜ፣ አገር ካላችሁ በኋላ የምትኖሩበት ቦታ ይመጣል። አብሬያቸው ካጠናኋቸው ልጆች ብዙዎቹ የሚሳሳቱት እዚች ጋ ነው፣ ቃል ጠፍቷቸው ሳይሆን አማርኛውን እንዳለ ስለሚያወርዱት። ስለዚህ ስህተቱን ከነመነሻው እንየው።

«ቮነ አዲስ አበባ» ትላላችሁ?

ሁለት ነገር ጎድሏል። እኛ «እኖራለሁ» ስንል ግሱ ራሱ ማን እንደሆነ ስለሚናገር «እኔ» ማለት አያስፈልገንም፣ ጀርመንኛ ላይ ግን ኢሽ የግድ ነው። «አዲስ አበባ ነው የምኖረው» ስንል ደግሞ ከከተማው ፊት ምንም አንጨምርም፣ እነሱ ኢን ይላሉ። ትክክሉ «ኢሽ ቮነ ኢን አዲስ አበባ» ነው። ደብልዩዋ «ቭ» ነው የምትባለው፣ «ዎነ» እንዳትሉ።

«ኢሽ ቢን ቮነ» የሚለውስ?

«ነው የምኖረው» ውስጥ ያለችውን «ነው» ፍለጋ የመጣ ነው፣ እንግሊዝኛ የሚችሉትም «አይ አም ሊቪንግ» ብለው እዛው ይገባሉ። ቢን (እንደ እንግሊዝኛው «አም») ይውጣ፣ አለቀ። «ኢሽ ኢን አዲስ አበባ ቮነ» የሚሉም አሉ፣ የኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ነው፣ የነሱ ግን ሁለተኛ ቦታ ላይ ይቀመጣል።

ስለ ሌላ ሰው ስታወሩ መጨረሻውን ቀይሩ፣ ዱ ቮንስት፣ ኤር (እሱ) ቮንት፣ ዚ (እሷ) ቮንት፣ ቪር (እኛ) ቮነን። ዱ አንተም አንቺም ነው፣ ፈታኙን ግን እንደ «እርስዎ» «ቮ ቮነን ዚ?» ብላችሁ ጠይቁ።

«ኢሽ ቮነ ኢን ዲ ሽታት»

ብዙ ሰው የሚያለቅስባት ይቺ ናት። ሽታት (ከተማ) አርቲክሏ፣ ማለትም ከስሙ ፊት የምትመጣው ቃል፣ ዲ ነው ተብለን ተምረናል፣ ታዲያ ምኑ ነው ስህተቱ? ኢን ሁለት ፀባይ ስላላት ነው፣ «ወዴት» ለሚለው አኩዛቲቭ «የት» ለሚለው ዳቲቭ የሚባለውን የአርቲክል መልክ ትወስዳለች። እኛ በወሬ «የት ትሄዳለህ» ም «የት ነህ» ም ስለምንል ልዩነቱ ይሸሸጋል፣ ስለዚህ አማርኛው ላይ «ወደ» አስገብታችሁ ሞክሩት። ወደ ከተማ እሄዳለሁ ያስኬዳል፣ ኢሽ ጌሀ ኢን ዲ ሽታት። ወደ ከተማ እኖራለሁ አይባልም፣ ስለዚህ ዳቲቭ ነው፣ ኢሽ ቮነ ኢን ዴር ሽታት። ዲ የነበረው ዴር ይሆናል፣ ዴር እና ዳስ የነበሩት ዴም ይሆናሉ፣ የብዙ ቁጥሩ ዲ ደግሞ ዴን። ኢን ከዴም ጋር ስትገናኝ ኢም ትሆናለች፣ ኢም ድሪተን ሽቶክ ማለት ሶስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

አገር ላይ አብዛኛው አርቲክል የለውም፣ ኢን ዶይችላንት፣ ኢን ኤትዮፒየን፣ ኢን ሳውዲ አራቢየን። ግን ሱዳን ወይ ሊባኖስ የኖራችሁ ኢም ሱዳን፣ ኢም ሊባኖን በሉ፣ ስዊዘርላንድ ኢን ዴር ሽቫይትስ፣ አሜሪካ ኢን ዴን ኡ ኤስ አ ነው። እነዚህን በቃል ያዟቸው፣ ሌላ መንገድ የለውም።

እህታችሁ ቤት ነው የምትኖሩት?

«ኢን ማይነር ሽቬስተር» እንዳትሉ፣ ሰውየው እህትህ ውስጥ ነው የምትኖረው ብሎ ይሰማል። እዚህ አማርኛችን ራሱ ይረዳናል፣ «እህቴ ጋ» ባይ ነው፣ «ከእህቴ ጋር» ሚት ነው። ቤቱ የእሷ ከሆነና እናንተ ተጠግታችሁ ከሆነ ባይ ማይነር ሽቬስተር፣ ቤቱን አብራችሁ የምትኖሩበት ከሆነ ሚት ማይነር ሽቬስተር።

«ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ»

«ኖሬያለሁ» ያለፈ ስለሚመስል ልጆቹ «ኢሽ ሀበ ኢን ፍራንክፉርት ጌቮንት» ይላሉ፣ ጀርመኑ ግን ከዛ ለቃችሁ የወጣችሁ ነው የሚመስለው። አሁንም እዛው ከሆናችሁ ግሱን በአሁን ጊዜ ተዉትና ዛይት («ከ... ጀምሮ») ጨምሩ፣ ኢሽ ቮነ ዛይት ትስቫይ ያረን ኢን ፍራንክፉርት።