ተንሳፋፊው ይሰምጣል፣ ዓሣው ግን የለም፦ በፖል ለሚወዳደሩ ዓሣ አጥማጆች ችግርና መፍትሄ

ፖል የክር መጠቅለያ ማሽከርከሪያ የሌለው፣ ክፍል በክፍል እየተሰካ እስከ 16 ሜትር የሚረዝም የካርቦን ዘንግ ሲሆን፣ ክሩ የሚታሰረው በጫፉ ክፍል ውስጥ በተዘረጋ ላስቲክ ላይ ነው፤ በክሩ ላይ ያለው ተንሳፋፊ ደግሞ በመስመጥ ንክሻን ይጠቁማል። ዓሣ እየተራባ በሚጨመርባቸው ሐይቆች የሚደረግ ውድድር ብዙውን ጊዜ 5 ሰዓት ገደማ የሚወስድና አሸናፊውም በጠቅላላ ክብደት የሚለይ በመሆኑ፣ መንስኤው ባልታወቀ ችግር የባከነ ግማሽ ሰዓት በሚዛኑ ላይ በግልጽ ይታያል። ብዙ ተወዳዳሪዎች ችግር ሲገጥማቸው ቀድመው የሚቀይሩት መንጠቆውን ወይም የመንጠቆውን ምግብ ነው። በእኔ እምነት ግን ፍተሻው ከጥልቀት ጀምሮ ዓሣ ለመሳብ ወደ ውኃው ወደሚጣለው መኖ አጣጣል መሄድ ያለበት ሲሆን፣ ዕቃው የሚመረመረው ከእነዚህ በኋላ ነው። አንድ ነገር ሲቀየር ደግሞ ሌላው ሁሉ ባለበት ይቆይ፤ አለዚያ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ከመጀመሪያው አንስቶ ምንም ንክኪ የለም

የተለመደው መንስኤ የመንጠቆው ምግብ ዓሣው በሚመገብበት ከፍታ ላይ አለመሆኑ ነው። ጥልቀቱ በአንድ ነጥብ ብቻ ከተለካ፣ መንጠቆው ግማሽ ሜትር ወደ ጎን ሲሄድ በተዳፋት ላይ ሊንጠለጠል ወይም ክሩ መሬት ላይ ሊተኛ ይችላል። መለኪያ እርሳሱን (ከእርሳስ ብረት የተሠራ ትንሽ ክብደት) መንጠቆው ላይ አድርገው በሚያጠምዱበት ቦታ፣ ከፊቱ፣ ከኋላው፣ ከግራና ከቀኙ ይለኩ፤ ወለሉ ደልዳላ የሆነበትንም ቦታ ይምረጡ። ከዚያ መንጠቆውን በጫፉ ክፍል ግርጌ ይዘው ክሩን በዘንጉ ርዝመት ሳብ ያድርጉና፣ ተንሳፋፊው የደረሰበትን ቦታ በነጭ የጽሑፍ ማረሚያ ቀለም ምልክት ያድርጉበት። ክሩ ተበጥሶ ሌላ ሲታሰር ይህች ነጭ ነጥብ ልኬቱን በጥቂት ሰከንዶች ትመልስልዎታለች።

ተንሳፋፊው ደጋግሞ ይሰምጣል፣ ዘንጉ ሲነሣ ግን ባዶ ነው

ከሁሉም በላይ ውድድር የሚያበላሸው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ዓሣው በቦታው እንዳለ እያዩ እጅ ባዶ መቅረት ሰውን ያጣድፋል፣ የተጣደፈ ሰው ደግሞ መኖ ይጨምራል። እኔም አንድ ጊዜ የውድድሩን እኩሌታ መንጠቆ ስቀያይር አሳልፌ፣ ነገሩ የገባኝ በመንጠቆዬ ጫፍ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ጠርዟ ወርቃማ የሆነች፣ ካርፕ የሚባለው ዓሣ ቅርፊት ተሰክታ ስትወጣ ነበር። ቅርፊት በመንጠቆ ላይ ከተገኘ ዓሣው ምግቡን አልነከሰም፤ በገላው ወይም በክንፉ ክሩን ገፍቶት አልፏል ማለት ነው።

የዚህ መንስኤ አብዛኛውን ጊዜ የመኖ መብዛት ነው። በሞቃት ወቅት ብዙ መኖ በአንድ ጊዜ ሲጣል፣ ካርፖችና ኤፍ 1 የሚባሉት የካርፕ ዲቃላዎች መኖው ወለል እስኪደርስ አይጠብቁም፤ ወደ ላይ ተነሥተው እየወረደ ሳለ ይቀልቡታል። መንጠቆው ከታች፣ ዓሣዎቹ ከላይ ሲሆኑ በመካከል ያለው ክር የእነርሱ መተላለፊያ ይሆናል። እውነተኛውን ንክሻ ለመለየት ተንሳፋፊውን በጥሞና መመልከት ይጠይቃል፤ ዓሣው ምግቡን ሲወስድ ጫፉ ሰምጦ እዚያው ይቀራል፣ ክሩ ሲገፋ ግን ጫፉ ጎንበስ ብሎ ወይም ወደ ጎን ተንሸራትቶ ተመልሶ ይነሣል። የተመለሰውን ሁሉ ችላ ማለት ይልመዱ።

መፍትሄው መኖውን መቀነስ ነው። በትልቅ ኩባያ ከመድፋት ይልቅ በዘንጉ ጫፍ በሚሰካ ትንሽ ኩባያ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ እንክብል መኖ ከስድስት እስከ አሥር ፍሬ ብቻ በመንጠቆው ልክ አናት ላይ ያፍስሱ፤ ቀጣዩንም ዓሣ ሳይዙ ወይም ጥሩ ጊዜ ሳይጠብቁ አይጨምሩ። ከዚህ ጋር ከበድ ያለ ተንሳፋፊ ያድርጉ፤ በክሩ ላይ የተቆነጠጡትን ትንንሽ እርሳሶችም ከመንጠቆው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው በአንድነት ይሰብስቡ፤ ምግቡ መካከለኛውን ውኃ በፍጥነት አቋርጦ ይወርዳልና። ይህም ሆኖ ዓሣዎቹ ከላይ አንወርድም ካሉ፣ እነርሱን ወደ ታች ከመታገል ተንሳፋፊውን ወደ መንጠቆው አቅርቦ ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ባለው ጥልቀት ማጥመድ ይሻላል።

መኖው በልክ ሆኖም ንክሻው ባዶ ከሆነ መንጠቆውን ይመርምሩ። ጫፉን በጥፍርዎ ላይ በቀስታ ሲጎትቱት የሚንሸራተት ከሆነ ደንዝዟልና ይጣል፤ ጥፍሩን የሚይዝ ከሆነ ደህና ነው። የመንጠቆው ጫፍ በምግቡ ውስጥ ተቀብሮ አለመቅረቱንም ይመልከቱ።

የተያዘው ዓሣ ማንሻ መረቡ ሳይደርስ ያመልጣል

ዓሣው የሚያመልጥበት ጊዜ መንስኤውን ይናገራል። በያዘ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ከሆነ ላስቲኩ ላልቶ ወይም ለዓሣው ቀጭን ሆኖ መንጠቆው በደንብ አልተተከለም። አጠገብዎ ደርሶ ከሆነ ደግሞ ላስቲኩ ወፍራም ነው፤ በተለይ ለስላሳ አፍ ያላቸውን ኤፍ 1 ሲያወጡ መንጠቆው ሥጋውን እየቀደደ ይነቀላል። ውፍረቱን የሚያመለክተው የላስቲክ ቁጥር ከአምራች ወደ አምራች ቢለያይም፣ ለኤፍ 1 ከ8 እስከ 10፣ ለትልልቅ ካርፕ ከ12 እስከ 16 ያለው ጥሩ መነሻ ነው። ለስላሳ ላስቲክ ሲመርጡ በጫፉ ክፍል ጎን ካለው ቀዳዳ ላስቲኩን በእጅ መሳብ የሚያስችል መጎተቻ ያስፈልጋል፤ ዓሣው ሲደክም ላስቲኩን በእርሱ እያሳጠሩ ወደ ማንሻ መረቡ ያቀርቡታል።

ላስቲኩ ተስቦ ወደ ቦታው የማይመለስ ከሆነ በዘንጉ ጫፍ ያለችው የፕላስቲክ ቀለበት ተሰነጣጥቃ ወይም አሸዋ ገብቶባት ይሆናል። ቀለበቷን ይጥረጉ፣ ከተቧጨረች ይቀይሩ፤ ገጹ የሻከረ ላስቲክም ይወገድ። ውድድር እስኪያልቅ ይቆይልኝ ማለት ውድ ዋጋ ያስከፍላል፤ የሚበጠሰው ትልቁ ዓሣ በተያዘበት ቅጽበት ነውና።

ተንሳፋፊው በቦታው አይረጋም

ነፋስ የላዩን ውኃ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲገፋ፣ ከታች ያለው ውኃ አብዛኛውን ጊዜ በተቃራኒው ይመለሳል። ተንሳፋፊው ከነፋሱ በተቃራኒ ሲሄድ ያየ ጀማሪ ዓሣ መስሎት ዘንጉን ያነሣል። ምግቡ ከወለሉ ላይ እንዳይጎተት ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ክር መሬት ላይ እንዲተኛ ጥልቀቱን ይጨምሩ፤ ከተንሳፋፊው በላይ ባለው ክር ላይም አንዲት ትንሽ እርሳስ ቆንጥጠው ያስሩ፤ ክሩ ወደ ውኃው ይሰምጥና ነፋሱ አይነካውም።

የዘንጉ ክፍሎች ተጣብቀው አይላቀቁም

መንስኤው በመጋጠሚያው የገባ ጭቃ ወይም አሸዋ ነው። ብቻዎን ጠምዝዘው አይታገሉት፤ ካርቦኑ ይሰነጠቃል። ሁለት ሰዎች መጋጠሚያውን በሁለት ወገን ቀረብ አድርገው ይዘው በዝግታ ያዙሩት። ክፍሎቹን ከውኃ ባወጡ ቁጥር በጨርቅ መጥረግ ችግሩን ያስቀራል። በዚሁ አጋጣሚ በአጽንዖት የምናገረው አለ፤ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከላይ ባለበት ቦታ ዘንጉን መዘርጋት አይገባም፤ መብረቅ ሲጀምርም ዘንጉን መሬት ላይ አስቀምጠው ከእርሱ ይራቁ።

ዓሣው ተይዞ ክብደቱ አልተቆጠረም

በውድድር ሐይቆች ለእያንዳንዱ ማቆያ መረብ የክብደት ጣሪያ ይወሰናል፤ ለምሳሌ 50 ፓውንድ፣ ማለትም 23 ኪሎ ግራም ገደማ። ከዚያ ያለፈው አይመዘገብም፤ መረቡ መጨናነቁም ዓሣዎቹን ይጎዳል። ከተያዙ በኋላ በግምት መናገር የማይታመን ስለሆነ፣ ዓሣውን ወደ መረቡ በጨመሩ ቁጥር የሚጫን መቁጠሪያ አጠገብዎ ያስቀምጡ፤ የተለመደውን የአንድ ዓሣ ክብደት በቁጥሩ አባዝተው ጣሪያው ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብለው ወደ ሁለተኛው መረብ ይዙሩ።