አዲሱ ሰንጢ አልታጠፍም ሲል

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ አንድ ሰንጢ አመጣልኝ። ጥቁር እጀታ ያለው፣ በአውራ ጣት ተገፍቶ የሚከፈት፣ እጅ ላይ ደስ የሚል። ከካርቶኑ አውጥቼ ከፈትኩት፤ ቀጭ ብሎ ቆለፈ። ላጥፈው ስል ግን መቆለፊያው ንቅንቅ አልል አለ። በአውራ ጣቴ ብገፋው ጥፍሬ ተገነጠለ እንጂ እሱ ምንም አልሆነም። እናቴ ከማድቤት ሆና «ኧረ ተው ልጄ፣ እጅህን ትቆርጣለህ!» አለችኝ። ልክ ነበረች። የተያዘ ሰንጢ ድንገት ሲለቅ ስለቱ የሚሄደው ወደ ጣት ነው።

ከዚያ ወዲህ የራሴንም የጓደኞቼንም ሰንጢዎች አስተካክያለሁ። አዲስ ሰንጢ ላይ የሚያጋጥም መያዝ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ እርሳስ፣ በትንሽ ሳሙናና በአንድ ጠብታ ዘይት ያልቃል። ሰው ግን ቶሎ ብሎ ሞረድ ያነሳል። እባካችሁ ሞረዱን አስቀምጡት። የተሞረደ ብረት ተመልሶ አይበቅልም።

አሁን ተከፍቶ የተያዘ ከሆነ

ስለቱን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሉና በፕላስተር እሰሩት። ጣታችሁን ስለቱ ከሚታጠፍበት መንገድ አውጡ። ከዚያ ስለቱን ወደ መታጠፊያው ሳይሆን በተቃራኒው፣ የበለጠ እንደምትከፍቱት አድርጋችሁ ትንሽ ግፉት። ይህ መቆለፊያው ላይ ያለውን ጫና ያቀልለታል። እንደዚያ እንደያዛችሁ መቆለፊያውን በሳንቲም ጠርዝ ወይም በእንጨት ቁራጭ ወደ ጎን ግፉት። ብዙ ጊዜ በዚህ ይለቃል። መዶሻ አያስፈልግም።

የያዘው ማነው?

ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ጋ ነው። «መቆለፊያው ተያዘ» እንላለን፤ አንዳንዴ ግን የከበደው ስለቱ ራሱ ነው። መለየቱ ቀላል ነው። መቆለፊያውን ወደ ጎን ገፍታችሁ ያዙትና ስለቱን በቀስታ አንቀሳቅሱ። መቆለፊያው በቀላሉ ተገፍቶ ስለቱ ግን በግድ የሚሄድ ከሆነ ችግሩ ማጠፊያው ብሎን አካባቢ ነው። መቆለፊያው ራሱ አልገፋም ካለ ደግሞ ችግሩ ስለቱና መቆለፊያው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው።

ዛሬ በብዛት የሚሸጡት ሰንጢዎች ላይነር ሎክ የሚባለው ዓይነት መቆለፊያ አላቸው። አሁን በምናውቀው መልኩ የሠራው ማይክል ዎከር የተባለ አሜሪካዊ ቢላ ሠሪ ነው፤ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ። አሠራሩ ቀላል ነው። እጀታው ውስጥ እንደ ሞላ የታጠፈ ቀጭን ላሜራ አለ። ስለቱ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ላሜራው ወደ ውስጥ ገብቶ ከስለቱ ግርጌ ኋላ ይቆማል። የስለቱ ግርጌ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ አይደለም። ጥቂት ዲግሪ ዘመም ይላል። ስለዚህ ላሜራው የሚገባው እንደ ሽብልቅ ነው። እንጨት የፈለጠ ሰው ይህን ያውቃል፤ ሽብልቅ በኃይል ከተመታ ጠልቆ ይገባል፣ ከገባ በኋላም በቀላሉ አይወጣም። የሰንጢው ችግር ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

በቀስታ ሲከፈት ይለቃል፣ በኃይል ሲከፈት ይነክሳል

የእኔው ሰንጢ ችግር ይህ ነበር። አዲስ ሰንጢ ላይ በብዛት የሚታየውም ይህ ነው።

ምክንያቱ የሁለቱ ብረቶች ፊት ገና አለመላመዱ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ፊቱ ለዓይን ልሙጥ ይመስላል እንጂ ጥቃቅን ጥርሶች አሉት። በኃይል ሲከፈት ጥርሶቹ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። መቆለፊያው ከታይታኒየም የተሠራ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ታይታኒየም ከብረት ጋር ሲፋተግ የመለጠፍ ጠባይ አለው። ሲለቅም ጭር የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ያንን ድምፅ ከሰማችሁ ጥርጥር የለውም።

መፍትሄው እርሳስ ነው። የምር ነው። የተማሪ እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት ነው፤ ደረቅ ማለስለሻ ነው። መጀመሪያ ስለቱን ግማሽ ድረስ አጥፉትና ግርጌውን፣ ማለትም መቆለፊያው የሚያርፍበትን ፊት፣ አልኮል በተነከረ የጆሮ ጥጥ ጥረጉት። ሲደርቅ ያንኑ ፊት በለስላሳ እርሳስ ደጋግማችሁ ቀቡት፤ 2ቢ ከተገኘ ጥሩ ነው። እስኪያብረቀርቅ ቀቡት። ከዚያ ክፈቱ፣ እጠፉ፣ ክፈቱ፣ እጠፉ። በቀስታ። ሲጠፋ መልሳችሁ ቀቡ።

እርሳስ ካጣችሁ የማይለቅ ማርከርም ይሠራል። ማርከሩ ሌላ ጥቅምም አለው። ከጥቂት መክፈትና ማጠፍ በኋላ ቀለሙ የተፋቀበት ቦታ መቆለፊያው የት ጋ እንደሚነካ ያሳያችኋል። ፍቀቱ አንድ ጠባብ መስመር ብቻ ከሆነ ገና ይላመዳል ማለት ነው። እየሰፋ ከሄደ በትክክለኛው መንገድ ላይ ናችሁ።

ማላመዱ ትዕግስት ይጠይቃል። 100 ወይም 200 ጊዜ መክፈትና ማጠፍ የተለመደ ነው። እኔ ማታ ማታ ዜና እያየሁ ነው የጨረስኩት፤ ስለቱን በፕላስተር ሸፍኜ። በዚህ ጊዜ በእጅ አንጓ ወርውሮ መክፈት የለም። ወርውሮ መክፈት ሽብልቁን በመዶሻ እንደመምታት ነው።

አንድ ነገር አደራ፤ መቆለፊያው የሚያርፍበት ፊት ላይ ዘይት አታፍስሱ። ዘይት መያዙን ሊያስቀር ይችላል፣ ግን መቆለፊያው ሥራ ላይ ተንሸራቶ እንዲለቅ ሊያደርግም ይችላል። የሚነክስ መቆለፊያ ያበሳጫል። የሚንሸራተት መቆለፊያ ግን ጣት ይቆርጣል።

በቀስታ ቢከፈትም ይይዛል

ይህ ብዙውን ጊዜ ቆሻሻ ነው። «አዲስ ነው፣ ከየት መጣ ቆሻሻ?» ትሉ ይሆናል። ፋብሪካ ውስጥ ስለቱ ሲወለወል የማለስለሻው ዱቄት ይቀራል። እንዳይዝግ የተቀባው ወፍራም ዘይትም መጋዘን ውስጥ ሲከርም እንደ ሙጫ ይሆናል።

በሞቀ ውሃና በእቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት። ጠባቡን ቦታ በስቴኪኒ አውጡ። በደንብ አድርቁት፤ የፀጉር ማድረቂያ ካለ ግሩም ነው። ከዚያ ማጠፊያው ብሎን ጋ፣ በሁለቱም በኩል፣ አንድ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በቂ ነው፤ በየሰፈሩ ይገኛል። የተረፈውን በጨርቅ ጥረጉ።

የምግብ ዘይት ግን በፍጹም። በተለይ የኑግ ዘይት። አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይደርቃል፣ እንደ ሙጫ ይሆናል። ለሳምንት ያለሰልሳል፣ ከዚያ ሰንጢውን ከበፊቱ አብሶ ያጣብቀዋል። አንድ ወዳጄ እንዲህ አድርጎ ሰጥቶኝ በነጭ ጋዝ ዘፍዝፌ ነው ያላቀቅኩት።

ስለቱ ራሱ ከብዷል

ብሎኑ ጠብቋል። በአብዛኛው የኮከብ ቅርጽ ያለው ካቻቢቴ ያስፈልጋል፤ ቲ6 ወይም ቲ8። ከሰዓት እጅ በተቃራኒ ትንሽ ብቻ፣ የዙሩን አንድ ስምንተኛ ያህል ፍቱት። ሞክሩ። ስለቱ ወደ ግራና ቀኝ መወላለቅ ከጀመረ አልፋችኋል ማለት ነው፤ ትንሽ መልሱት። ብሎኑ ጭራሽ አልዞር ካለ እንዳይፈታ ሙጫ ተቀብቶ ይሆናል። በጉልበት ከታገላችሁ የብሎኑ ጥርስ ይበላል። ለአንድ ደቂቃ ያህል በፀጉር ማድረቂያ አሙቁት፣ ይላላል።

ችግሩ ሲከፈት ብቻ ከሆነስ? ያኔ አያያዛችሁን እዩ። ስትከፍቱ ሌሎቹ ጣቶቻችሁ ላሜራውን እየተጫኑት ይሆናል። ላሜራው ላይ ስለቱን ዘግቶ የሚይዝ ትንሽ ኳስ አለች። ላሜራውን በተጫናችሁ ቁጥር ኳሷ ስለቱን አጥብቃ ትይዛለች። ጣታችሁን ፈቀቅ አድርጉ። አንዳንዱ ሰው ለወራት የታገለው በዚህ ብቻ ነው።

እጀታው እንጨት ከሆነ

ኦፒኔል የተባለው የፈረንሳይ ሰንጢ እዚህ ጋ መነሳት አለበት። ከሳቮዋ ነው፤ ከፈረንጆቹ 1890 ጀምሮ ይሠራል። የሚዞረው የብረት ቀለበት መቆለፊያ የተጨመረለት በ1955 ነው። እጀታው እንጨት ስለሆነ እርጥበት ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ስለቱን ይነክሳል። ደረቅ አገር ተገዝቶ ክረምታችን ላይ ሲደርስ ይህ ቢገጥማችሁ አትደንግጡ።

ለጊዜው፣ ቀለበቱን ወደ ክፍቱ ቦታ አዙሩና የእጀታውን ጫፍ ጠረጴዛ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ምቱት፤ ስለቱ ብቅ ይላል። የሳቮዋ ሰዎች የቆየ ዘዴ ነው። ለዘለቄታው፣ ጥላ ሥር ለጥቂት ቀናት አድርቁት፤ እሳት ዳር አይሆንም፣ እንጨቱ ይሰነጠቃል። አሁንም ከያዘ ብርጭቆ ወረቀት አጥፋችሁ የስለቱን ማረፊያ ስንጥቅ በስሱ ፈግፍጉ። ከዚያ እንጨቱን የተልባ ዘይት ቀቡት። እዚህ ጋ የሚደርቅ ዘይት ጥሩ ነው፤ ውሃ ይከላከላል። ቀለበቱ ከጠበቀ ደግሞ ክፍተቱ ውስጥ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ከታችሁ በትንሹ አስፉት።

ከጀርባው ተጭኖ የሚለቀው ዓይነት ሰንጢ ከያዘ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጀርባው ላይ ያለው ጎድጓዳ ውስጥ ቆሻሻ አለ። እጠቡት፣ አንድ ጠብታ ዘይት ስጡት። ሞላው በራሱ ጠንካራ ስለሆነ ለጣት መክበዱ ጉድለት አይደለም።

ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ

ሰንጢውን ክፈቱና የስለቱን ጀርባ፣ ስለታም ያልሆነውን፣ የታጠፈ ፎጣ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ተጫኑት። እጀታውን የምትይዙት በጎኑ ነው፤ ቢታጠፍ ስለቱ ጣት እንዳያገኝ። መቆለፊያው ከለቀቀ ሰንጢውን አትጠቀሙበት።

መጠገን የሌለበት

ሰንጢውን ክፈቱና መቆለፊያው ስለቱ ግርጌ ላይ ምን ያህል እንደገባ እዩ። ከግርጌው ስፋት ሲሶ እስከ ግማሽ ቢደርስ ጤነኛ ነው። አዲስ ሆኖ ሳለ እስከ ዳር አልፎ ተቃራኒውን ጎን የሚነካ ከሆነ፣ ወይም ከ200 ጊዜ መክፈትና ማጠፍ በኋላም እንደ መጀመሪያው ቀን የሚነክስ ከሆነ፣ አቆራረጡ ላይ ስህተት አለ። ላሜራውን በፒንሳ አታጥፉ። ብሎኖቹንም ፈታታችሁ ሰንጢውን አትበትኑ፤ አንዳንድ አምራቾች የተፈታ ሰንጢ አይቀበሉም። መቆለፊያውን ስትገፉ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ቀርጻችሁ ለሻጩ ላኩ። እኛ አገር ሆናችሁ ሰንጢውን በሚመለስ ዘመድ እጅ የምትልኩት ከሆነ፣ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይግባ። የእጅ ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ፍተሻ ላይ ይቀራል።